ከመሪው ኋላ ተቀምጠን

አባቶቻችን መንገድን በበቅሎ ይለኩት ነበር። «የሦስት ቀን የበቅሎ መንገድ ነው» በተባለ ጊዜ ሰሚው ርቀቱን ብቻ ሳይሆን የሚይዘውን ስንቅ፣ የሚያድርበትን መንደርና የሚሻገረውን ወንዝ ጭምር ያስተውል ነበር። በቅሎም የገደልን ነገር ታውቃለች፤ ጌታዋ ቢቸኩል እርስዋ አትቸኩልም፤ ድንጋዩን በኮቴዋ ሳትመረምር አትረግጥም። መኪና ከመጣ ወዲህ መንገደኛው በመስተዋት ውስጥ ተቀምጦ ተራራውን እንደ ሥዕል እያየ የሚያልፍ ሆነ። ሞተር ብስክሌት ግን ከሁለቱ መካከል ነው። ፍጥነቱ የመኪና ነው፤ ፀሐዩን፣ ነፋሱንና አቧራውን አለመከልከሉ የበቅሎ ነው። ከበቅሎ የሚያንሰው በአንድ ነገር ነው፤ ገደልን አያውቅም። ስለዚህ የገደሉን ነገር የሚያውቅለት ሰው ይሻል።

ይህ ሰው ዛሬ በብዙ ተራራማ አገር የታወቀ ባለ ሙያ ሆኗል። በሂማላያ ሥር፣ በአንዲስ ተራሮች፣ በሞሮኮ አትላስ፣ በእኛም አገር ከባሕር ማዶ የመጡ እንግዶች ሞተር እየተከራዩ፣ አንድ መሪ በፊት፣ አንድ ሰው በኋላ፣ መለዋወጫና ሻንጣ የጫነ መኪና ደግሞ ከሁሉ በኋላ ሆኖ ብዙ ቀን የሚፈጅ ጉዞ ይጓዛሉ። ሥራው ለሚሠሩት ወጣቶች እንጀራ ነው፤ ለወላጆቻቸው ግን ብዙ ጊዜ ጭንቀት ነው። እኛም ነገሩን ከወላጅ ወገን ሆነን ለማየት የበቃነው እንደሚከተለው ነው።

ከእኛ ጋር በአንድ የጽዋ ማኅበር ያሉ፣ እንጀራ ጋግረው እየሸጡ አንድ ልጃቸውን ያሳደጉ ባል የሞተባቸው እናት አሉ። ልጁን 7ኛና 8ኛ ክፍል ያስተማርነው እኛ ነን። ከትምህርት ቤት እንደ ወጣ ከአንድ መካኒክ ዘንድ ረዳት ሆኖ ገባ፤ ከዚያም የእንግሊዝኛ ቋንቋው ደኅና ስለ ነበረ እንግዶችን በሞተር የሚመራ ሆነ። የሚነዳው ሞተር ግን የሰው ስለ ሆነ ከድካሙ የሚበዛው ለባለቤቱ ይሄድ ነበር። እናትዮዋ ሁለት ዓመት የጣሉት ዕቁብ ሊወጣላቸው በተቃረበ ጊዜ ልጁ በዚያ ገንዘብ የራሱን ሞተር ለመግዛት ለመናቸው።

እርሳቸው የፈሩት ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ስሙ ነው፤ በዚያ ጊዜ በአዲስ አበባ ቦርሳ እየነጠቁ የሚሮጡ ባለ ሞተሮች በዝተው ስለ ነበረ ሞተር የያዘ ወጣት ሁሉ በክፉ ዓይን ይታይ ነበር፤ በዚያው ዓመት ክረምትም የከተማው አስተዳደር ያለ ፈቃድ የሚሄዱትን ሞተሮች እስከ መከልከል ደርሷል። ሁለተኛው ፍርሃት ለመናገር የሚከብድ ነበር። አንድ ቀን ከማኅበር ስንወጣ ለብቻ ጠርተውን፣ «መምህር፣ እርስዎ ሄደው ይዩልኝ፤ ልጄን በገዛ ገንዘቤ እንዳልገድለው» አሉን።

እንዲህ ያለውን ቃል ሰምቶ በቤት ተቀምጦ ምክር መስጠት አይቻልም። ደግነቱ ልጁ የሚሠራበት ቤት የገዳማቱንና የአብያተ ክርስቲያናቱን ታሪክ ለእንግዶች የሚያስረዳ ሰው ይፈልግ ነበር፤ የመንፈቅ ዓመቱ የትምህርት ዕረፍትም ደርሶ ነበር። ሰኞ ጥር 27 ቀን 2011 ዓ.ም. ማለዳ፣ ጋቢያችንን ጠቅልለን፣ በሶአችንን ቋጥረን ወደ ሰሜን ተነሣን።

እንግዶቹ ስድስት ነበሩ፤ አምስት ወንዶችና አንዲት ሴት። ከመካከላቸው አንዱ ዕድሜው ከ60 ያለፈ ነበር። እንዲህ ባለው ጉዞ ሰው ሁሉ የሚጠብቀው መሪው ፈጣን እንዲሆን ነው። ልጁ ግን ከመነሣታችን በፊት ሁሉን ሰብስቦ የነገራቸው ስለ ፍጥነት አልነበረም። እያንዳንዱ ሰው ከፊቱ ስላለው ሳይሆን ከኋላው ስላለው ሰው ተጠያቂ ነው አላቸው፤ በስፖኪዮው ውስጥ ከኋላው ያለውን መብራት ካጣ ይቆማል፤ እርሱ ሲቆም ደግሞ ከፊቱ ያለው ያጣዋልና ይቆማል፤ እንዲህ እያለ መቆሙ እስከ መሪው ድረስ ይደርሳል። መንገድ በተገነጠለበት ስፍራም ከመሪው ቀጥሎ ያለው ሁለተኛው በመገንጠያው ላይ ቆሞ አቅጣጫውን በእጁ ያመለክታል፤ የመጨረሻው ሰው እስኪደርስ ድረስ ከዚያ አይነቃነቅም፤ ዝናም ቢዘንብም ቢርበውም አይነቃነቅም። የቆመውም ወደ መጨረሻ ሲገባ ሦስተኛው ሁለተኛ ይሆናል፤ በዚህም ዓይነት በቀን ውስጥ ሁሉም በየተራው ፊተኛም ኋለኛም ይሆናሉ።

አሰላለፋቸውንም ስናይ የልጅነታችን ትምህርት ትዝ አለን። አንዱ በመንገዱ ቀኝ፣ ቀጣዩ ጥቂት ወደ ኋላ ቀርቶ በግራ፣ ሦስተኛው እንደ ገና በቀኝ ሆነው ይሄዳሉ፤ ይህም አንዱ በድንገት ፍሬን ቢይዝ የኋለኛው እንዳይመታው ነው። በማኅሌት ቀኝ ጌታና ግራ ጌታ ወገን ለይተው እንደሚቆሙ ማለት ነው። መሪጌታውም ድምፁ ያማረ ስለ ሆነ ብቻ መሪጌታ አይባልም፤ ደካማው ደቀ መዝሙር ከዜማው እንዳይወድቅ አንሥቶ የሚይዝ ስለ ሆነ ነው እንጂ። በአማርኛችን የሞተሩ እጀታ «መሪ» ይባላል፤ በፊት የሚሄደውም ሰው «መሪ» ይባላል። እኛ በዚያ ሳምንት ከሁለቱም ኋላ ተቀመጥን።

በእንጦጦ አቀበት ወጥተን የሱሉልታን ሜዳ ካቋረጥን በኋላ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ደብረ ሊባኖስ ደረስን። በዚያ አቡነ ተክለ ሃይማኖት በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስለ መሠረቱት ገዳም ነገርናቸው፤ በግንቦት ወር 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ትእዛዝ ስለ ተረሸኑት መነኮሳትና ዲያቆናትም ነገርናቸው። ስለ ገደሉ ውበት ሲያወሩ የመጡት ሁሉ ዝም አሉ። ሽማግሌው እንግዳ ጓንቱን አውልቆ በእጁ ይዞ ብዙ ቆመ። ከዚያም ወደ ጎሃ ጽዮን ሄድን።

ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው የዓባይ በረሃ መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከ2,400 ሜትር በላይ ከሆነ ደጋ ተነሥቶ ወደ 1,000 ሜትር ገደማ ይወርዳል፤ ወንዙን ተሻግሮ እንደ ገና ያንኑ ያህል ይወጣል። አንድ ሰው ጠዋት በጋቢ ተጠቅልሎ ተነሥቶ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ቆላ ወርዶ ላብ አጥልቆት፣ በሌላው ሰዓት ደግሞ ወደ ብርዱ የሚመለስበት መንገድ ነው። መሬቱ የሚንሸራተት ስለ ሆነ አስፋልቱ በየስፍራው እንደ ማዕበል ይነሣል፤ በሌላ ስፍራ ደግሞ ተሰንጥቆ ይወርዳል፤ ጠጋኞች ቢጠግኑት ክረምት መልሶ ያነሣዋል።

በዚህ ስፍራ ከመኪናው ወርደን ከልጁ ኋላ ተቀመጥን። እናትዮዋ «ይዩልኝ» ያሉን በመስተዋት ውስጥ እንድናይ አልነበረምና። የራስ ቁር በራሳችን ላይ ባጠለቁልን ጊዜ ጆሮአችን ተደፍኖ የምንሰማው የገዛ ትንፋሻችንን ብቻ ሆነ። ልጁም፣ «መምህር፣ እኔ ወደ አንድ ጎን ሳዘነብል እርስዎ በሌላው ጎን ሊያቃኑኝ አይሞክሩ፤ እንደ ጆንያ ይሁኑልኝ» አለን። ሃያ ዓመት ያህል በጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሞ ላስተማረ ሰው እንደ ጆንያ መሆን ቀላል ትእዛዝ አይደለም፤ ቢሆንም ሆንንለት።

ቁልቁለቱን ስንወርድ ያየነው ነገር እንዲህ ነው። ከባድ መኪናዎች በዝቅተኛ ማርሽ እያቃሰቱ ይወርዳሉ፤ ፍሬናቸውን አብዝተው የያዙት የፍሬናቸው ሸራ ተቃጥሎ ሽታው ከሩቅ ይሰማል። ልጁ ፍሬኑን የሚነካው እንደ ማስጠንቀቂያ ብቻ ነበር፤ ሞተሩን የሚይዘው በማርሹ ነው። ማርሹን ዝቅ ባደረገ ጊዜ ሞተሩ ራሱ ጎማውን ይይዘዋል፤ እንዲህ ሲሆን ፍሬኑ ሳይግል ለክፉ ቀን ይቀመጣል። በኩርባውም ላይ ዓይኑን ከጎማው ፊት አይጥልም፤ ኩርባው ወደሚያልቅበት ስፍራ ያያል፤ ሞተር ዓይን ወዳየበት ይሄዳልና። ገደሉን አትኩሮ ያየ ሰው ወደ ገደሉ ይሄዳል። ይህን በኋላ ሲያስረዳን ከተረት የተወሰደ መስሎን ነበር፤ የሜካኒክ ነገር መሆኑን ያወቅነው እየደጋገምን ስንመለከት ነው። ከከባድ መኪና ኋላ በደረሰ ጊዜም ለማለፍ አልቸኮለም። ከኋላችን ስድስት ሰዎች አሉ፤ እርሱ ቢያልፍ እነርሱም ሊከተሉት ይሻሉ፤ ለእርሱ የበቃው ስፍራ ለስድስተኛው ላይበቃ ይችላል። ስለዚህ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ጢስ እየዋጥን ከአንድ የሲሚንቶ ጫኝ ኋላ ሄድን። ከእንግዶቹ አንዱ፣ ጡንቸኛው ወጣት፣ ጥሩምባውን ደጋግሞ ነፋ። ልጁ በስፖኪዮው አየውና እጁን ዝቅ አድርጎ ዝም እንዲል አመለከተው።

ከታች በጃፓን መንግሥት እርዳታ ተሠርቶ በ2001 ዓ.ም. መጀመሪያ የተከፈተው፣ ርዝመቱ ከ300 ሜትር ጥቂት የሚበልጠው ድልድይ አለ፤ አሮጌውም በአጠገቡ ይታያል። በዚያ ስፍራ ሙቀቱ እንደ ምድጃ አፍ ነው። ከዚያ ወደ ደጀን ስንወጣ ትከሻችን ከፍርሃት የተነሣ እንደ ተሸከመ ሰው ታምሞ ነበር፤ መፍራታችንን አንደብቅም። ነገር ግን አንድ ጊዜም ስለ ልጁ እጅ አልፈራንም።

ደጀንን አልፈን ሜዳማውን የጎጃም የጤፍ አገር ስንይዝ ጡንቸኛው እንግዳ አንድ በግ መታ። እርሱ አልወደቀም፤ የበጉ እግር ግን ተሰበረ። ባላገሩ ሽመሉን ይዞ እየሮጠ መጣ፤ ጎረቤቶቹም ከየአውድማው ተሰበሰቡ። በዚህ ጊዜ ልጁ ያደረገውን ብዙ የተማሩ ሰዎች አያደርጉትም። አስቀድሞ የራስ ቁሩን አወለቀ፤ ፊቱ ይታይ ዘንድ። ከዚያ በመካከላቸው ዕድሜ የጠገቡትን ፈልጎ፣ «አባቴ፣ እንደምን ዋሉ? ጥፋቱ የእኛ ነው» ብሎ ጎንበስ አለ። ስለ ዋጋው ከመነጋገሩ በፊት ስለ አዝመራው ጠየቀ። የገበያውን ዋጋ ከፈለ፤ ነገሩም በሰላም አለቀ። ባለ በጉ ግን፣ «ገንዘብ የከፈላችሁበትን ትታችሁ የምትሄዱ እንዴት ያላችሁ ሰዎች ናችሁ!» ብሎ በጉን አስሮ በመኪናው ላይ ጫነልን። እንዲህ ሆኖ ከአዲስ አበባ በእንግዳ አስረጂነት የተነሣን ሰዎች እስከ ደብረ ማርቆስ ድረስ ከበግ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠን ገባን። ማታ የሆቴሉ ሠራተኞች ወጡን ሲያቀርቡ እንግዶቹ ሁሉ በሉ፤ መቺው ብቻ እንቁላል አዘዘ።

ስለ ባሕር ዳርና ስለ ጢስ ዓባይ፣ ስለ ጎንደር ግንቦችና ስለ ደብረ ብርሃን ሥላሴ መላእክት ሌሎች ከእኛ አብልጠው ጽፈዋልና አናስረዝምም። ማስታወስ የምንፈልገው የጎንደሩን ማታ ነው። እንግዶቹ ራት በልተው ከገቡ በኋላ ልጁ በሆቴሉ ግቢ በባትሪ ብርሃን ሰባቱን ሞተሮች አንድ በአንድ ይመረምር ነበር። ካቴናው ረግቦ እንደ ሆነ በጣቱ ይለካል፤ ዘይቱን ያያል፤ የጎማውን ጥርስ በእጁ ይዳስሳል። መካኒኩ አስቀድሞ አይቷቸው ስለ ነበረ ለምን እንደሚደግመው ጠየቅነው።

«መምህር፣ እኔ እፈራለሁ» አለን። ይህን የተናገረው አፍሮ አልነበረም። «ሰዎች ሞተረኛ አይፈራም ይላሉ። እኔ ግን ከዚህ ሁሉ ከፍ ያለ ገደል አያስፈራኝም፤ የሚያስፈራኝ ከረጅም ቀጥ ያለ መንገድ በኋላ የሚመጣ ኩርባ ነው። ሰው ሁለት ሰዓት በደኅና ሲሄድ ፍርሃቱ ይተኛበታል። ማታ ማታ ስድስቱን በልቤ ሳልቆጥር አልተኛም። አንዳንድ ቀን በእንቅልፌም ስቆጥር አምስት ይሆኑብኛል።»

«ለእናትህ ይህን ነግረሃቸዋል?»

«እንዴት ብዬ? እንደማልፈራ ነው የምነግራት፤ እንዳትፈራ።»

እኛም በዚያ ሰዓት መልስ አልሰጠነውም። ባትሪውን ይዘን አበራንለት።

ዓርብ የካቲት 1 ቀን ደባርቅ አድረን ቅዳሜ ማለዳ በፓርኩ ጽሕፈት ቤት ተመዝግበን፣ እንደ ደንቡም ጠመንጃ የያዘ ጠባቂ በመኪናችን አሳፍረን ወደ ሰሜን ተራሮች ገባን። ይህ ፓርክ በ1978 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ከመጀመሪያዎቹ ጋር የተጻፈ ነው፤ በ1996 እ.ኤ.አ. በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ገብቶ ነበርና ከ21 ዓመት በኋላ በ2017 እ.ኤ.አ. ከዚያ ወጥቷል። መንገዱ ከደባርቅ ጀምሮ ኮረኮንች ነው። የአስታው ቁጥቋጦ ከጢም የሚመስል ሽበት ተንጠልጥሎበታል፤ ጓሳው በነፋስ ይተኛል፤ ጭላዳዎች በመቶ እየሆኑ በሜዳው ተቀምጠው ሣሩን በጣታቸው እየነጩ ይበላሉ፤ ለሞተሩም ድምፅ ቀና ብለው ካዩ በኋላ ወደ ማዕዳቸው ይመለሳሉ። ከእነርሱ አሥር እርምጃ ወዲያ መሬት ያልቃል። ገደሉ የተቆረጠው እንደ ዳቦ ነው፤ ከታች ያሉት ኮረብታዎች ሰማያዊ ሆነው እንደ ሌላ ዓለም ይታያሉ።

ከሳንቃ በር በፊት ሽማግሌው እንግዳ ጠጠሩ ላይ ተንሸራትቶ ወደቀ። የተጎዳው ቁርጭምጭሚቱ ብቻ ነበር። እኛ ወደ እርሱ ስንሮጥ ልጁ አልሮጠም፤ አንዱን ሞተረኛ ወደ ኋላ፣ አንዱን ወደ ፊት ልኮ ከሁለቱም ወገን የሚመጣውን መኪና ካስቆመ በኋላ ነው ወደ ወደቀው የሄደው። ሽማግሌው ከዚያ ወዲያ በእኛ ቦታ በመኪናው ተቀመጠ፤ መካኒኩ የእርሱን ሞተር ነዳ፤ እኛም እንደ ገና ጆንያ ሆንን።

ጨነቅ የደረስነው ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። ስፍራው ከ3,600 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ነው፤ ጅብራው ሰው ቆሞ የሚጠብቅ ይመስል በየዳገቱ ቆሟል። አየሩ ስስ ስለ ሆነ ሰውም ሞተርም ይደክማል፤ ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከኃይሉ አንድ አሥረኛ ያህል ይጎድልበታልና በጨነቅ ከሦስት እጅ አንዱን እጅ ያህል አጥቶ ነበር። ከዚያ መንገዱ የብዋሂትን ተራራ ጎን ይዞ ከ4,200 ሜትር ከፍታ ላይ ይወጣል፤ ከወዲያ ማዶ ራስ ዳሸን ይታያል። ጡንቸኛው እንግዳ አሁኑኑ እንውጣ አለ። ልጁም ነገ ማለዳ ነው አለ።

«ሰማዩ ጥርት ብሏል» አለ እንግዳው። በእውነትም ጥርት ብሎ ነበር። ልጁ ወደ ቆላው ጠቆመ፤ ከገደሉ ሥር ነጭ ጉም እንደ ጥጥ ተኝቷል። «ከሰዓት በኋላ ይነሣል። ወጥተን እስክንመለስ ፀሐይዋ ትጠልቃለች። በጉምና በጨለማ ይህን ኮረኮንች አላስወርድዎትም።»

እንግዳው ከሩቅ አገር የመጣው፣ ገንዘብም የከፈለው ለዚህ ተራራ መሆኑን ተናገረ። ቀጥሎም ስለ ልጁ ለአሠሪው እንደሚጽፍ ዛተ። ልጁ ቀለሙ ተለወጠ፤ የቤቱን አሠሪ እናውቃለንና ዛቻው ከንቱ እንዳልነበረ እኛም እናውቃለን፤ ከእንግዳ ቅሬታ የመጣበት ሰው ለሚቀጥለው ጉዞ አይጠራም። እርሱም በትሕትና፣ «ይጻፉ፤ ስሜን እንዳይሳሳቱ ፊደሉን እኔ እነግርዎታለሁ» አለው። ከዚያም የራሱን ሞተር ቁልፍ ነቅሎ ወደ ኪሱ ከተተና ሻይ ሊያስፈላ ሄደ።

አንባቢዎቻችን እዚህ ላይ ጉሙ ተነሥቶ ተራራውን ሸፈነው፣ እንግዳውም አመሰገነው ብለን እንድንጽፍ ይጠብቁ ይሆናል። ጉሙ አልተነሣም። ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ ሰማዩ እንደ መስተዋት ጥርት እንዳለ ቆየ፤ እንግዳውም በየሩብ ሰዓቱ ወደ ላይ እየጠቆመ «ጉምህ የት አለ?» ይለው ነበር። ልጁ አልተከራከረም፤ አልተጸጸተምም። ሌሎቹም እንግዶች ጥቂት አጉረመረሙ። እኛ ግን ለእናትዮዋ የምንሰጠው መልስ የተገኘው በዚያ ምሽት እንደ ሆነ ተሰማን። ጉሙ መጥቶለት ቢሆን ኖሮ የአየር ጠባይ የሚያውቅ ልጅ ነው ብለን እንመለስ ነበር። ሳይመጣ መቅረቱ ሌላ ነገር አሳየን፤ ከሰው ሁሉ ፊት ተሳስተሃል እየተባለ፣ ገንዘቡም ሥራውም እየተነካበት፣ ስድስት ሰው በደኅና ማሳደሩን ብቻ ይዞ ተቀመጠ።

በማግሥቱ እሑድ ማለዳ ብርዱ የውኃውን ቦይ በበረዶ ሸፍኖት ሳለ ወደ ብዋሂት ወጣን። በመንገዱ ዳር አራት ዋልያዎች ቀንዳቸውን ወደ ኋላ ጥለው በገደሉ ጫፍ ቆመው አየን። ከላይ ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር በላይ የሆነ ራሱን ገልጦ ታየ። ጡንቸኛው እንግዳ ብዙ ፎቶግራፍ አነሣ። በመጨረሻው ቀን ሁሉም ለልጁ ጉርሻ ሲሰጡ እርሱ አልሰጠም። ሽማግሌው ግን ጓንቱን ትቶለት ሄደ።

ይህን የምንጽፈው ብዙ ነገር ከተለወጠ በኋላ ነው። በ2013 ዓ.ም. በሰሜን የተነሣው ጦርነት፣ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻም በአማራ ክልል የተከተለው ግጭት ያን መንገድ ከእንግዳ አራቁቶታል፤ ከደባርቅ እስከ ደጀን ስንት ሆቴል ቤት፣ ስንት አስጎብኚ፣ ስንት በቅሎ አከራይ ከእንጀራው እንደ ተለየ ማሰብ ያሳዝናል። ልጁ ከዚያ ወዲህ እንግዶችን የሚወስደው ወደ ባሌ ነው፤ የሰነቴ ደጋ መንገድም ከ4,000 ሜትር በላይ ስለ ሆነ የተማረው አልጠፋበትም።

ከጉዞው በተመለስን ጊዜ ወደ እናትዮዋ ቤት ሄደን ያየነውን አንድም ሳንጨምር አንድም ሳንቀንስ ነገርናቸው። ስለ በጉ ሳቁ፤ ስለ ዓባይ ቁልቁለት ስንነግራቸው ግን ነጠላቸውን በአፋቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ ብዙ ዝም ብለው ቆይተው፣

«እርስዎ ከኋላው ተቀምጠው ፈርተዋል?» አሉን።

«አዎን፣ ፈርተናል።»

«እርሱስ ይፈራል?»

ልጁ የደበቃቸውን ነገር መግለጥ ተገቢ መሆኑን ጥቂት አሰብንበት። ከዚያም፣ «ይፈራል፤ ማታ ማታ እየቆጠራቸው ነው የሚተኛው» አልናቸው።

እናትዮዋ ተነፈሱ። «እኔ እኮ አይፈራም ብዬ ነበር የፈራሁት» አሉና ቡናውን ሊያፈሉ ተነሡ።

ዕቁቡ በመጋቢት ወጣላቸው። ልጁ የገዛው ሞተር አዲስ አይደለም፤ ሁለት ቀን መርምሮት ነው የገዛው። ወደ ግቢ ባስገባው ጊዜ እናቱ ጠበል ረጩበት፤ የትኛው ማርሽ የትኛው ፍሬን እንደ ሆነም አንድ በአንድ ጠየቁት። ከተረፈው ገንዘብ ሁለት የራስ ቁር ገዛ፤ አንዱ ለእርሳቸው ነበር። እስከ ዛሬ ድረስ ከሳጥኑ ላይ በዳንቴል ተሸፍኖ ተቀምጧል።